ልብስ ሰፊው እጁን ያነሳ ዕለት

አንጋጫ ውስጥ ወጌሻ ሲባል ቀድሞ የሚጠራው የወይዘሮ ብርቅዬ ስም ነበር። የወለቀ ትከሻ ይመልሳሉ፤ የተሰበረ ክንድ ያስራሉ። በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደጃፋቸው የመጣው ልብስ ሰፊው ኃይሉ ግን ስብራቱ ድኖለት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ሌላ ሰው አስሮለት አጥንቱ በደንብ ገጥሟል። እጁ ግን ከአንጓው ታጥፎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ መቀስ ይዞ ጨርቅ መቁረጥ አቅቶታል። ጠበቅ አድርገው እንዲያሹለት ለመናቸው።

ወይዘሮ ብርቅዬ ከትከሻው እስከ ጣቱ ዳሰሱት። አጥንቱ ቀጥ ብሏል፤ መገጣጠሚያው ቦታው ላይ ነው። እሳቸው ሲያነሱለት እጁ ያለ ችግር ይነሳል፤ ሲለቁት ይወድቃል። ዓይኑን አስጨፍነው በስንደዶ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ትንሿ ጣቱ ላይ ሲደርሱ ወዲያው አወቀ። በእጁ ጀርባ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ሲነኩት ግን ምንም አልተሰማውም።

ከዓመታት በፊት አንድ የሆመቾ ገበሬ እንዲሁ የተንጠለጠለ እጅ ይዞ መጥቶ ነበር። ሳምንት ሙሉ ቅቤ እየቀቡ አሹት፤ አልነሳ ሲል ሰንፎ ነው ብለው ሸኙት። ያ ነገር ከልባቸው ወጥቶ አያውቅም።

«ልጄ፣ ይሄ የአጥንት ነገር አይደለም» አሉት ለኃይሉ። «ባሸው እጎዳሃለሁ። የሚያውቅ ሰው ጋ እንሂድ።»

በማግስቱ አብረውት ሆሳዕና ወረዱ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ማርታ ወጌሻ መሆናቸውን ስትሰማ ፊቷን አጠቆረች። እጁ የደነዘዘበትን ቦታ ማን እንዳገኘው ጠይቃ እሳቸው መሆናቸውን ስታውቅ ግን ወንበር አቀረበችላቸው። የገዛ ክንዷን ዘርግታም አሳየቻቸው፦

«እትዬ ብርቅዬ፣ አጥንቱን ከኋላ ዞሮ የሚወርድ ነርቭ አለ። እጅን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች የሚያዛቸው እሱ ነው። ስብራቱ ጎድቶታል፤ ካልተበጠሰ ቀስ ብሎ ያገግማል።»

እስከዚያው እጁ ቀና ብሎ ካልተደገፈና ጣቶቹ በየቀኑ ካልተንቀሳቀሱ መገጣጠሚያው እንደሚደርቅም ነገረቻቸው። እጁን በጄሶ እንዳይደግፉት ጄሶ በየቀኑ የሚፈታ ነገር አይደለም። ወይዘሮ ብርቅዬ ቀርከሃ ልጠው፣ በፍየል ቆዳ ለብጠው፣ እንደፈለጉ የሚታሰርና የሚፈታ መደገፊያ ሠሩ። ኃይሉ በየገበያው ቀን ይመጣል፤ እሳቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጣጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ፤ ምንም የለም። ልብስ ሰፊው ተስፋ ቆርጦ ሊቀር ሲል ቤቱ ድረስ ሄደው አመጡት።

መጋቢት ላይ መደገፊያውን ሲፈቱለት እጁ በራሱ ቀና አለ። ትንሽ ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ቢሆን ነው። ወይዘሮ ብርቅዬ «ድገመው» አሉት። ደገመው።

ግንቦት ሲገባ ኃይሉ ኮት ቆርጦ ሰፋ። ሲስተር ማርታም ወይዘሮ ብርቅዬን ለጤና ረዳት ሠልጣኞች የደነዘዘውን ቦታ እንዴት እንዳገኙት እንዲያሳዩ ጋበዘቻቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው አሥራ አራት ወጣቶች ፊት ቆሙ። ከምባትኛ ባጠላበት አማርኛቸው ሳያፍሩ ተናገሩ፤ በሆመቾው ገበሬ ላይ የሠሩትን ስህተትም ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ከዚያ ሠልጣኞቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው አቆሙና ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ስንደዶ ሰጡ። የጓደኛውን ዓይን አስጨፍኖ ያችን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለች የእጅ ጀርባ ቦታ በስንደዶው በትክክል ያላገኘ አንድም ሠልጣኝ እንዲቀመጥ አልፈቀዱም።