ምሕረት በሬዲዮ

ሊቁ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የሬዲዮ ጣቢያው ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሹፈት መሆኑ ግን እስካሁን አልገባውም። ሥራው ወፍራም ወፍራም ልብ ወለድ እየወሰደ ወደ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ መለወጥ ነው። ዘንድሮ የደረሰው መጽሐፍ ከጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ የተቀዳ ነበር። አንድ ንጉሥ ሚስቱን ጥሎ ጦር ሜዳ ይከርማል። ከዓመታት በኋላ የማረካትን ቆንጆ ሠረገላው ላይ አስቀምጦ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ይገባል። ንግሥቲቱም ውሃ ታሞቅለትና ገንዳው ውስጥ እንዳለ በመጥረቢያ ትገላግለዋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሊቁ ይህ መጨረሻ አልጣመውም። ምክንያቱን ጣቢያው በሙሉ ያውቀዋል። እሱ ራሱ የአየር ጠባይ ዜና የምታነበውን ልጅ ተከትሎ ከቤቱ ከወጣ ከርሟል፤ ልጅቷ ደግሞ ሰሞኑን ሻንጣውን ኮሪደር ላይ አውጥታለታለች። አሁን ያማረው ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ሚስቱ የጣቢያው አንጋፋ ተዋናይት ስትሆን የንግሥቲቱን ድምፅ የምትጫወተውም እሷው ናት። ንጉሡን የሚጫወተው፣ መቼም ሌላ ሰው አይመርጥም፣ ሊቁ ነው።

ሚስቱ ስልኩን አታነሳም። ሰው ቢልክባትም መልስ የለም። ስቱዲዮ ውስጥ ግን የተጻፈላትን ማንበብ ግዴታዋ ነው። ሊቁ ይህን ሲያስበው በገዛ ብልጠቱ ተደመመ። ቁጭ ብሎም መጥረቢያውን አስወጥቶ ምሕረት አስገባ። ንግሥቲቱ ሦስት ገጽ ሙሉ ታለቅሳለች፣ ያለ አንተ ቤቱ ቤት አልሆነም ትላለች፣ እግሩን ታጥባለች፣ በመጨረሻም "ና ግባ" ትለዋለች።

በቀረጻው ዕለት የጣቢያው የድምፅ ማጀቢያ ሠሪ፣ ጋሼ ኮሽታ፣ ጥቅል ጎመንና ትልቅ ቢላዋ ይዘው መጡ። ጥቅል ጎመን በቢላዋ ሲመታ ሬዲዮ ላይ የሰው ጭንቅላት ነው።

"ጋሼ፣ ጎመኑ ምን ያደርጋል? መጥረቢያውን እኮ አውጥቼዋለሁ" አላቸው ሊቁ።

"መጽሐፉን አንብቤዋለሁ" አሉት። "የሰው ሐሳብ ደግሞ ይለወጣል። እኔ ተዘጋጅቼ ልጠብቅ።"

ሚስቱ ገባች። ሰዉን ሁሉ ሰላም ብላ እሱን እንደ ወንበር አለፈችው። ጽሑፉን ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ተመልሳም የመጀመሪያውን ገጽ አየች። ሊቁ ላብ በላብ ሆነ።

"ችግር አለ እንዴ?" አለች የድራማው አዘጋጅ ከመስታወቱ ወዲያ።

"የለም፣ እንጀምር።"

አንዲት ቃል አልቀነሰችም። እንዲያውም ከተጻፈው በላይ አድርጋ ተጫወተችው። አዘጋጇ ዓይኗን ጠረገች፤ ጋሼ ኮሽታ እንኳ ለእግር እጥበቱ ሳፋ ውስጥ ውሃ እያንቦጫረቁ አፍንጫቸውን ሳቡ። "ና ግባ" ስትለው ሊቁ አመነ። ይቅር ብላኛለች አለ በልቡ፤ ሰው እንዲህ አድርጎ ማስመሰል አይችልም። ይህን የሚያስበው፣ ልብ በሉልኝ፣ ዕድሜውን በሙሉ ከተዋንያን ጋር የኖረ ሰው ነው።

አመሻሹ ላይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደጃፏ ላይ ተገተረ። በሩን ከፈተችለት፤ ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለችም።

"ምነው?" አለችው።

"ያው... ና ግባ ብለሽኝ የለ?"

"እሱማ ሥራዬ ነው።"

"ከልብሽ ነበር! እኔ አውቅሻለሁ።"

"ነበር" አለች። ልትክደው አልፈለገችም፤ ትወደዋለች፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነበር። "ከልቤ ነበር። ለእኔ ሦስት ገጽ እንባ ጻፍክልኝ። እኔ ደግሞ አሁን ንጉሡ ይናገራል፣ አሁን ጥፋቴ ነው ይላል እያልኩ ገጹን ሳገላብጥ ነበር። ያቺን ቃል ብትጽፋት ኖሮ ይሄ በር ተከፍቶ ይጠብቅህ ነበር። ለራስህ የጻፍከው ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ? 'ውሃው ቀዘቀዘ።' በቃ፣ እሷን ብቻ።"

ሊቁ አፉን ከፈተ። የምትፈለገው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። አጭር ናት፣ ለማጥናትም አታስቸግርም።

"በሚቀጥለው ክፍል እጨምራታለሁ" አላት።

ሚስቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ተሰማ።

"ማነው ልጄ?"

"ከሬዲዮ ጣቢያ ነው፣ እማዬ" አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሊቁ ደረጃው ላይ ብቻውን ቀረ። ቤቱን በእርግጥ እንዳጣው የገባው ያኔ ነው።

"ጥፋቴ ነው" አለ፣ በዚያ በሚያምረው የሬዲዮ ድምፁ፣ ለተዘጋው በር። አባባሉ ስላላረካው ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ደገመው።