የሆስፒታሉ ታፔላ ነጥቦች

ፊደል ነዳፊው ለአዲሱ ሆስፒታል ታፔላዎች እርስ በርስ የሚመሳሰሉ የላቲንና የአረብኛ ፊደላት እንዲሠራ ሲታዘዝ ደስታውን አልቻለውም። በላቲኑ እጁ የተፍታታ ነው። አረብኛ ግን ማንበብ እንኳ አይችልም፤ ይህን ለአሠሪዎቹ ሳይነግር ሥራውን ተቀበለ።

የሚስቱ አባት ዕድሜ ልካቸውን በአረብኛ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን ከጀርባው ቆመው ሥራውን አዩና፣ «ልጄ፣ ፊደልን ከፊደል የሚለዩትን ነጥቦች አሳነስካቸው እኮ። እስቲ አብረን እንየው» አሉት።

«አባባ፣ ይሄ እንደ ድሮው የብሩሽ ሥራ አይደለም» አላቸው፣ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሳ።

«እሺ» ብለው ወጡ።

እሱም የላቲኑን ወፋፍራም መስመሮች ቆርጦና ገልብጦ አረብኛ አደረጋቸው። ነጥቦቹ ዓይኑን ስለረበሹት የመርፌ ጫፍ አሳከላቸው። ሁለቱ ፊደላት መንትያ መሰሉ፤ አሠሪዎቹም አጨበጨቡለት።

ሆስፒታሉ በተከፈተ በሳምንቱ አማቱን ጉልበታቸውን ሊያሳክም ይዟቸው ሄደ። በመተላለፊያው የታመመ ሕፃን ያዘለች ሴት ከበር በር ትንከራተታለች። አማቱ ጠጋ ብለው በአረብኛ አነጋገሯት።

«የሕፃናት ክፍል ጠፍቶባት ነው» አሉት ተመልሰው። በሩ ግን ፊት ለፊቷ ነበር።

በመተላለፊያው የቆመ ጥበቃ ሳቀ። «ኧረ አባቴ፣ ይህን በር ስንቱ አልፎት ሄደ መሰልዎ! ነጥቡ ስለማይታይ ቋንቋውን የሚያውቁትም አያነቡትም። ማን እንደሠራው እንጃ።»

ነዳፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እኔ ነኝ» ለማለት ግን አልደፈረም። አማቱም አላጋለጡትም፤ «የጥድፊያ ሥራ ነው» ብለው ሴትዮዋን ወደ በሩ ወሰዷት። እንዲህ መሸፈናቸው ደግሞ ከስድብ ይልቅ አንገበገበው።

በማግስቱ አሠሪዎቹ ዘንድ ሄዶ፣ «አረብኛ አላውቅም፤ ደብቄያችሁ ነበር» አላቸው። እስኪበቃቸው ወረዱበት። እንደገና እንዲሠራው የፈቀዱለት አማቱ አብረውት ከተቀመጡ ብቻ ነበር።

«አባባ» አላቸው ቤት ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ያን ቀን የተናገርኩዎት…»

«አስከፍቶኛል» አሉት። «ያቺ ሴትዮ ግን ከኔ የባሰ ነው የተጎዳችው። በል ወንበር አምጣልኝ።»

ሦስት ወር ሠሩ። እሳቸው በብሩሽ ይጽፋሉ፤ እሱ እየተከተለ ይነድፋል። በዚህኛው ዙር ላቲኑ ነው ለአረብኛው የተስተካከለው። ዛሬ በሮቹ ከሩቅ ይነበባሉ፤ ሰዎች ሲያመሰግኑት ግን አሁንም ጆሮ ግንዱ ይግላል።