ያለ ፍትሐት ሦስት ዓመት

በጦርነቱ ዓመት ሰቆጣ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው ዘከሪያ፣ ሸሽቶ ከከረመበት ከአበርገሌ ሲመለስ የጎረቤቱን ልጅ ዘመነን መንገድ ዳር ሞቶ አገኘው። አፈሩን በድንጋይ እየቆፈረ ብቻውን ቀበረው።

ሰቆጣ ሲደርስ የዘመነ እናት ወለተ ገብርኤል ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁት። የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ከዘመነ በቀር ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው።

«ልጄን አየኸው ወይ?»

ዘከሪያ እውነቱን ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር የመጣው። ፊታቸውን ሲያይ ግን ወኔው ከዳው።

«አይቼዋለሁ፣ እማማ። ደህና ነው። ተከዜን ተሻግሯል።»

ሴትዮዋ እልል አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባገኙት ቁጥር ይመርቁታል። እሱም «ሰው ደስ ማሰኘት ምን ኃጢአት አለው?» እያለ ራሱን ይሸነግላል፤ ምርቃታቸውን ሲሰማ ግን መሬት ብትውጠው ይወዳል።

በሦስተኛው ዓመት ወለተ ገብርኤል የዘመነን እጮኛ ሶስናን ይዘው ሱቁ መጡ። «ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሳለች፣ ልጄን ብላ። እሱ ሲመለስ ለሠርጋቸው የሚሆን ጥሩ ጨርቅ አውርድልን» አሉት።

ዘከሪያ ጨርቁን አውርዶ መዘርጋት አቃተው። «እማማ፣ ይቀመጡ» አለና ሁሉንም ነገራቸው።

ሶስና ግድግዳውን ተደገፈች። ወለተ ገብርኤል አላለቀሱም።

«ራሱን በየት አደረግኸው?»

«በምዕራብ፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን፣ እንደ እናንተ ሥርዓት።»

«ለሬሳው አላጓደልህም። ለነፍሱስ? ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር ሦስት ዓመት! እኔ ስስቅ ልጄ ጸሎት ተርቦ ኖሯል።»

«እንዳያዝኑ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለህስ አይደለም። ዕንባዬን ማየት ፈርተህ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ዘከሪያ መቃብሩን ሊያሳያቸው ቃል ገባ።

በሳምንቱ ካህናቱን እየመራ ወሰዳቸው። አጽሙ ወጣ፤ ፍትሐቱ ደረሰ፤ ወደ ደብሩ ተሸክመውት ተመለሱ። ወለተ ገብርኤል ከካህናቱ ጋር ከፊት ሲሄዱ ሶስና ወደ ኋላ ቀረችና ዘከሪያን ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ሲያገኙት ዐይኑ ተከድኖ ነበር?»

«አዎ» ሊል ቃሉ አፉ ላይ ደረሰ። ዋጠው።

«አልተከደነም ነበር። እኔ ነኝ የከደንኩለት።»

ሶስና በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። ዘከሪያም ከጎኗ ሳይለይ አብሯት ሄደ።