የልዑሉ ግንብ ጎመን

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ በእሑድ፣ አባቴን ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሽቻቸዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን አገባኝ እል ነበር። እኔ ሰው የምሸነግል ሴት አይደለሁም፤ ሰፈሩም ያውቀኛል፤ ያሰብኩትን ፊት ለፊት ተናግሬ ነው ከግማሹ ጋር የተኳረፍኩት። አባባ ላይ ሲሆን ግን ወኔ ከየት ይምጣ።

አባባ ተክለማርያም ይባላሉ። ከኮልፌ በላይ፣ በሳንሱሲ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ፣ በአንድ ልዑል ግንብ ሠላሳ አንድ ዓመት አትክልተኛ ነበሩ። ግንቡ ባለ ሁለት ፎቅ የጥቁር ድንጋይ ቤት ነው፤ ከፊቱ ሰፊ በር፣ ከጀርባው ሰገነት አለው። ሰው ግንቡን ሲያደንቅ አባባ ይገርማቸዋል። ለእሳቸው ግንብ ማለት ከሰገነቱ ሥር በሦስት እርከን የሚወርደው የጽጌረዳ መደብ ነው። እኔንም ጽጌማርያም ያሉኝ በዚያው ጦስ ነው፤ እናቴማ በእናቷ ስም ልትጠራኝ ነበር አሉ። እሷ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

አብዮቱ ፈነዳ፤ ግንቡ ተወረሰ፤ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ። አባባም ኮታቸውንና የመቁረጫ መቀሳቸውን ይዘው ወደ ቤት መጡ። ያኔ ጉልበታቸው ደህና ነበር፤ ግን ማን ያስገባቸዋል። ማስገባት ሲጀመር ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ ዳገቱን የማይታሰብ አደረገባቸው።

በ1972 ቀበሌያችን ያንን የአትክልት ቦታ ለሴቶች ማኅበር ሰጠ። ሊቀመንበሩ ጓድ ወንድይፍራው ሰብስቦን «ጽጌረዳ አይበላም» አለ። እውነቱን ነው፣ አይበላም። ጎመን ተክለን ለኅብረት ሱቁ እንድናቀርብ ተወሰነ፤ እኔና ጎረቤቴ ጤናዬም እሑድ እሑድ እንድንወጣ ስማችን ተጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ጽጌረዳውን ነቀልነው። ቀዩን ጤናዬ፣ ነጩን እኔ። የነጩ ሥር አልወጣም ብሎ አስቸገረኝ፤ መጥረቢያ አስመጥቼ ቆረጥኩት። እጄ በእሾህ ተቧጭሮ ማታ ቤት ስገባ አባባ ከአልጋቸው ላይ ቀና ብለው፣

«ጽጌረዳዬን አየሽልኝ?» አሉኝ።

«አየሁት፤ ደህና ነው።»

«ነጩስ?»

«አብቧል» አልኩ። ምን ቆርጦኝ ተቆፈረ፣ ተነቀለ ልበል፤ እንዲያው አብቧል ብቻ አልኩ። ከዚያ ወዲያማ መመለሻ ጠፋ። በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፣ በየሳምንቱ ነጩን በአፌ አሳብብላቸዋለሁ። አንዳንዴ ስለ ንቦቹም ጨምሬ አወራላቸዋለሁ።

ኅዳር 1974 ላይ ጓድ ወንድይፍራው አዲስ ሐሳብ መጣለት። የቀበሌው ሕዝብ ግንቡን ይጎብኝ፤ ፊውዳሉ እንዴት ተንደላቆ እንደኖረ በዓይኑ ይይ። እዚያ የሠሩ አባት ደግሞ ተገኝተው የደረሰባቸውን ይናገሩ። ይህን ሊነግር ራሱ ቤታችን መጣ። አባባ «እሺ፣ እመጣለሁ» አሉት።

ሳምንቱን ሙሉ ለመንኳቸው። «አባባ ይቅርብዎ፣ ጉልበትዎ።» አውቶቡስ አለ አሉ። «ግፊያው ይጥልዎታል።» አንቺን እደገፋለሁ አሉ። «ምን ያደርግልዎታል፣ ያውቁት የለ?» ስላቸው ኮታቸውን መቦረሽ ቀጠሉ። እንቅልፍ አጣሁ። ጽጌረዳውን ማጣታቸው አንድ ነገር ነው። የነቀለችው የገዛ ልጃቸው መሆኗን፣ ነቅላም ሁለት ዓመት እንደቀለደችባቸው ሲያውቁ ግን ምን ፊት ይዤ ነው አብሬያቸው የምኖረው?

አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ዘዴ አወጣሁ። በትልቁ በር የገባ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ነው የሚያየው፤ የአትክልቱ ቦታ ከጀርባ ስለሆነ ከፊት አይታይም። ሕዝቡ ክፍሎቹን ሲዞር አባባን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፤ እግራቸው ሥር ቁጭ እልና፣ ዓይናቸው ሳያየው በፊት በአንደበቴ እነግራቸዋለሁ። ይህችን ታህል እንኳ ላድርግላቸው አልኩ።

ወርደን ትልቁ በር ላይ ተሰለፍን። ጓድ ወንድይፍራው ይቆጥረናል። ዞር ስል አባባ የሉም።

«ጤናዬ፣ አባባን አይተሻል?»

«አሁን እዚህ ነበሩ እኮ።»

ወዲያው ገባኝ። ከግንቡ አጥር ጎን፣ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ፣ ለሠራተኛ የተሠራች ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት የእንጨት በር አለች። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት በትልቁ በር ገብተው አያውቁም። ዛሬ ሕዝቡ በትልቁ በር ይግባ ቢባልም እግራቸው አልሰማም። የዚያች በር መንገድ ደግሞ ወደ ሌላ የትም አይወስድም፤ ቀጥታ መደቡ ላይ ነው የሚጥለው።

ነጠላዬን ታጥቄ ሮጥኩ። ሁለተኛው እርከን ላይ፣ ጎመኑ መሀል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ነጩ የነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆሙት። ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ጎብጠዋል። እንደዚያን ቀን አርጅተው አይቻቸው አላውቅም።

«አባባ።»

አልዞሩም። «ማን ነው የነቀለው?»

«እኔ ነኝ። ነጩን በመጥረቢያ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።» «በማኅበር ታዝዘን ነው፤ ግን እጁ የእኔ ነው።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እናቴ የሞተች ቀን ብቻ ነው እንዲያ ያየኋቸው። «አንጀቴን በላው፣ ጽጌ» አሉ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ጊዜ ጓድ ወንድይፍራው ሕዝቡን አስከትሎ በቤቱ ጥግ ዞሮ መጣ። አባባን ሲያይ ደስ አለው። «እነሆ፣ አባታችን ቀድመውናል። አባት፣ እስቲ በዚህ ግቢ የተፈጸመውን በደል ለሕዝቡ ይንገሩ።»

አባባ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። ሕዝቡን አዩ፣ ጎመኑን አዩ።

«በደልማ አለ» አሉ። «ይሄ ጎመን ተበድሏል። አፍ ለአፍ አጋጥማችሁ ነው የተከላችሁት። አንዱ የአንዱን ምግብ እየቀማ እንዴት ይደግ? ውኃውም መሀል ላይ ተኝቷል፤ ሥሩን እያበሰበሰው ነው።»

ሳቅ ሆነ። ጓድ ወንድይፍራው ኩም አለ፤ ሊያቋርጣቸው አፉን ከፈት ሲያደርግ ጤናዬ ቀደመችው። «ታዲያ ስንት ይራቅ፣ አባባ?» አለች። አባባ ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጡኝና ያንን እምቢ ያለ ጉልበታቸውን አጥፈው ቁጭ አሉ። በስንዝር እየለኩ አሳዩ፤ ደካማውን እየነቀሉ፣ የውኃውን መውረጃ በጣታቸው እየጫሩ። ሴቶቹ ከበቧቸው። የልዑሉን ባኞ ሳላይ አልመለስም ስትል የከረመችው ጤናዬ ሳትቀር፣ ከሰዓት ሙሉ ወደ ቤቱ ዞር ያለ ሰው አልነበረም። ጓድ ወንድይፍራውም መጨረሻ ላይ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ስለ ፍግ ያሉትን ጻፈ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ጥፍራቸው ውስጥ አፈር ገብቷል። ብዙ ከሄድን በኋላ «አባባ፣ ስለ ውሸቱ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ነጩ በዓመት አንዴ ነው የሚያብበው» አሉ፣ በመስኮቱ እያዩ። «ክረምቱ ሲወጣ፣ ለሁለት ሳምንት። አንቺ የጥምቀት ሰሞን አበበ አልሽኝ። ሁዳዴ ላይ አበበ አልሽኝ። በሐምሌ ዶፍ ሳይቀር አበበ አልሽኝ።»

«እያወቁ ነው የሚጠይቁኝ የነበረው?»

«በፊት በፊትማ እውነቱን ትነግሪኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ኋላ ለመድኩት። ደግሞ ታሳምሪዋለሽ፤ ንቦቹን ሳይቀር።»

«ታዲያ ካወቁ ዛሬ ምን ሊያዩ መጡ? ለምን ራስዎን አሳዘኑ?»

አሁን ዞረው አዩኝ። «እሑድ ማታ ስትመለሺ በሩን ከመክፈትሽ በፊት ውጭ ትቆሚያለሽ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ኮቴሽ ሲቆም እሰማዋለሁ። የምትነግሪኝን እያሰብሽ ነው። ብርድም ይሁን ዝናብ እዚያው ትቆሚያለሽ። ሁለት ዓመት ልጄን በገዛ ቤቷ ደጅ አስቆምኳት፤ ይብቃት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ፌርማታችን እስክንደርስ አለቀስኩ። ጤናዬ ከኋላ ሆና ምን ሆነሽ ነው እያለች ጎነተለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጭቃ እግሬን እንኳ ሳልጠርግ በሩን በርግጄ ገባሁ። አባባ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ጎመኑን ግማሹን ትል በላው፣ አባባ» አልኳቸው፣ ሳይጠይቁኝ።