በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ

ሰርግ ላይ በር ይዞ፣ የሙሽራውን ሰዎች በቀረርቶ ገጥሞ፣ እስኪለምኑት የማያስገባው የሙሽሪት ወንድም ነው። የሙሽራዋ የስሜነሽ ወንድም ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ችግሩ፣ ባጃጄ ሞጣ መንገድ ላይ ገልብጣኝ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ ከደረቴ በታች የራሴ አይደለም። እግሩስ ይቅር፤ ሆዴ አየር አልገፋ ብሎ ድምፄ የታመመ ድመት ሆነ። ሳል እንኳ በወጉ አልስልም። አጎቴ ገብረ ሕይወት በሩን የጎረቤት ልጅ ይያዘው አሉ። ቀረርቶ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ይሄ ልጅ ሰው ፊት ያሳፍረናል ብለው።

አንገበገበኝ። ሞጣ ሄድኩና እንደኔ ያለውን ሰው ስፖርት የምታሰራዋን ሲስተር ሰገነትን ለቀረርቶ የሚሆን መድኃኒት ስጪኝ አልኳት። ስቃ ስቃ፣ ሃይላንድ ውሃ ሞልታ ቀጭን ቱቦ ከተተችበትና በረጅሙ እየነፋህ አንተክትከው አለችኝ። ከዚያ ዊልቸሬን በእጄ እየገፋሁ ዳገቱን እንድወጣ አዘዘች። አንድ ቀን የባጃጅ ቂጥ ይዤ ተጎተትኩና ላይ ደረስኩ። ግንባሬን ዳሰሰችው።

«አላለብህም፣ አታለከልክም። ሌባ! ውረድና እንደገና ና።»

ወረድኩ። ስወጣ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ሆድህን ጠበቅ አድርገህ ብታስረው አየሩ ደጋፊ ያገኛል ስላለችኝ፣ በሰርጉ ቀን የእናቴን መቀነት ሰርቄ በጋቢዬ ስር ታጠቅሁ። እናቴ መቀነቴ መቀነቴ ስትል ዋለች፤ እኔም አብሬ አፋለግኋት።

የሙሽራው ሰዎች ከሞጣ ቢቸና ደረሱ። እኔ ቀድሜ በሩ መሀል ፍሬን ይዤ ቆሜያለሁ። አቅራሪያቸው ሐብታሙ የሚሉት ደረተ ሰፊ ነው። ዊልቸሩን ሲያይ ድምፁን ለስለስ አደረገልኝ። አዘነልኝ! ደሜ ፈላ። ትከሻዬን ወደ ኋላ ጣልኩ፣ አየር እስኪበቃኝ ሳብኩ፣ ለቀቅሁት። ገበያ ድረስ ተሰማ አሉ። ሐብታሙ ይሄኔ ከልቡ ገጠመኝ። ፊቱ በርበሬ እስኪመስል አቅራርቶ ሲያቋርጥ የኔ ገና እየሄደ ነበር።

እልልታው ቀለጠ። አጎቴ ጆሮዬ ስር ጎንበስ ብለው፣ «በቃ ልጄ፣ ልቀቃቸው» አሉኝ።

«ይለምኑኝ፣ ጋሼ።»

ለመኑኝ። ሐብታሙ ራሱ ጉልበቴን ስሞ ለመነኝ። ያኔ ፍሬኑን ለቅቄ ጠጋ አልኩላቸው። ሞጣ እህቴን የወሰደው እኔ ስፈቅድለት ነው።