በአመድ ላይ የታተመ መዳፍ

ጤዛው ሁሉንም ነገር አርሶ ነበር፤ አጥሩን፣ የተገለበጠውን በርሜል፣ ውጭ ያደሩትን ባዶ ከረጢቶች። የጎተራው ግድግዳ ብቻ ደረቅ ነው። ምራቲቱ ባልዲዋን አስቀመጠችና መዳፏን በጭቃ ምርጉ ላይ አሳረፈች። ሞቋል። ፀሐይ ገና ከኮረብታው ጀርባ ናት፤ የጎተራው ሆድ ግን ትኩሳት እንደያዘው ሰው ገላ ይግላል። ጆሮዋን አስጠጋች። ከውስጥ ደረቅ ቅጠል ከሩቅ ሲታሽ የሚመስል፣ ስስ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ሰማች፤ ወይም የሰማች መሰላት።

«ምን አለሽ? ወሬ ነገረሽ?»

አማቷ ከቤቱ ደፍ ላይ ቆመው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዩዋታል። መቼ እንደወጡ አልሰማችም። እኚህ ሴት ጉልበታቸው ታሞም ቢሆን ሲፈልጉ እንደ ድመት ይራመዳሉ።

«ሞቋል፣ እማማ። ይንኩት እስቲ።»

«እህል የያዘ ሆድ ይሞቃል። የሚቀዘቅዘው ባዶው ነው።»

«ነቀዝ ገብቶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ነቀዝ የሚገባው በእጅ ነው» አሉ አማቷ። «እጅ ካልገባ ነቀዝ አይገባም። በይ ውሃሽን ቅጂ፣ ሙሽሪት።»

እዚህ ቤት ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ «ሙሽሪት» የሚለው ስም ግን አልለቀቃትም። በሌላ ሰው አፍ የፍቅር ቃል ነው። በእሳቸው አፍ «ገና እንግዳ ነሽ» ማለት ነው።

በዚህ ግቢ የገንዘብ መንገዱ የተለያየ ነው። እንቁላሉና ጎመኑ የምራቲቱ ነው፤ በእሱ ጨው፣ ክብሪትና ሳሙና ትገዛለች። ሳሙናውን በሲባጎ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ግማሹ ለልብስ፣ ግማሹ ለገላ። ባሏ በበጋ የሰው አጥር እያጠረ የሚያገኘው ለጋዝ፣ ለማረሻና ለስልክ ካርድ ይውላል። ከዚያ የተረፈው ሁሉ፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ሰው የታመመ ቀን የሚከፈለው የመኪና ኪራይ፣ ከጎተራው ይጠበቃል። የጎተራው ባለቤት ደግሞ አማቷ ናቸው።

የሚበላው እህል ቤት ውስጥ በትንሽ ጎታ ነው ያለው። ጎተራው ውስጥ ያለው ማሽላ ለሽያጭ ነው። አዝመራው የገባ ዕለት አማቷ መሰላል ላይ ይወጡና ማሽላውን አስተካክለው የተነፋ አመድ ያለብሱታል፤ ከዚያ ቀኝ መዳፋቸውን አመዱ ላይ ያትማሉ። ትንሿ ጣታቸው በልጅነታቸው ተሰብራ ወደ ውጭ ጠማማ ሆና የቀረች ናትና ያን መዳፍ ማንም ሊያስመስለው አይችልም። ከላይ የገባ እጅ አመዱን ያበላሻል። ከታች ግድግዳውን ቀዶ የሰረቀም ቢኖር፣ ማሽላው ሲሰምጥ መዳፉ አብሮ ይሰምጣል።

አንድ ዓመት መዳፉ ተበላሽቶ ተገኘ። ያኔ በቤቱ የነበረችው የታላቅ ልጃቸው ሚስት ነበረች። ማለች፣ አለቀሰች፤ የሰማት የለም። እህሉ ሲወጣ ደግሞ ነቀዝ ጨርሶት ስለነበር ነገሩ ባሰ፤ የሌባ እጅ ነቀዝ አስገባ ተባለ። ልጇን አዝላ ወጣች። ባሏም ተከትሏት ሄደ፤ እስከ ዛሬ ቃል አልላከም። ከዚያ ወዲህ ነው የሳሩ ክዳን በሽቦ የሚታሰረውና ሽቦው የሚቆለፈው። ቁልፉ ከአማቷ መቀነት አይለይም። ምራቲቱ ይህን ሁሉ የሰማችው ገና በገባች ሰሞን፣ ከእሳቸው ከራሳቸው አፍ ነው። ያጫወቷት ግን ለጨዋታ አልነበረም።

ውሃውን አውርዳ ባሏ ወዳለበት ሄደች። በረቱ ጥግ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርባል።

«አይሞላም ዛሬ ያልፋል» አለችው።

አይሞላም የሚሉት እህል ነጋዴውን ነው፤ የገዛውን ከረጢት ሁሉ ሚዛን ላይ ሰቅሎ፣ ራሱን ነቅንቆ «አይሞላም» ስለሚል።

«ይለፍ» አለ ባሏ።

«ዝናቡ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል። የነቀዘ እህል ፍለጋ ጭቃ አቋርጦ የሚመጣ የለም።»

«እማዬ መንገዱ ሲዘጋ ዋጋው ይወጣል ትላለች። አምና በጊዜ ሸጠን ሰው አልሳቀብንም? ረሳሽው?»

አልረሳችውም። አምና እንሽጥ ብላ የወተወተችው እሷ ናት። የታገሡት ጎረቤቶች ዝናቡን ጠብቀው፣ ማሽላቸውን በአህያ አውጥተው፣ የእነሱን እጥፍ ያህል አገኙ። አማቷ በዚህ ነገር ልክ ነበሩ፤ ልክ መሆናቸውንም በየምሳው ሰዓት ያስታውሷታል።

«አምና ጎተራው አልሞቀም» አለች።

«እንግዲያው ንገሪያት።»

«ነገርኳቸው። አሁን አንተ ንገራቸው።»

እጀታውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ፣ በአንድ ዓይኑ ቀጥ ማለቱን አየ። «እኔ በእናቴና በሚስቴ መሃል አልገባም።»

«መሃል ካልገባህ የት ነህ ታዲያ?»

የእንጨቱ ፍቅፋቂ እግሩ ሥር መውደቁን ቀጠለ።

ረፋዱ ላይ የጭነት መኪናው ሲያቃስት ከኮረብታው ጀርባ ተሰማ። ምራቲቱ ጎመን እየኮተኮተች ነበር። በዚህ ቤት ነጋዴ የሚያስቆሙት አማቷ ብቻ ናቸው። መኪናው ወደ መታጠፊያው ሲቃረብ መኮትኮቻዋን ጣለችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና መንገዱ ዳር ወጥታ ቆመች። ከዚያ እጇን አነሣች።

አይሞላም ሚዛኑን በትከሻው አንጠልጥሎ እየሣቀ ወደ ግቢው ገባ። «እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ምራትዎ ጠርታኝ ነው። ማሽላ አለ አለችኝ።»

«ማሽላስ አለ» አሉ አማቷ። ከተቀመጡበት አልተነሡም። «የሚሸጥ ግን የለም።»

«እንግዲህ ስትስማሙ ጥሩኝ። የእኔ መኪና ቆሞም ነዳጅ ይጠጣል።»

«ቆይ» አለችው ምራቲቱ።

አማቷ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «በማን ቤት ነው ነጋዴ የምትጠሪው?»

«በምኖርበት ቤት።»

«የምትኖሪበት!» ለነጋዴው ሣቁለት። «ሰማህልኝ? እንቁላል ሸጣ ጨው ስለገዛች ቤት የያዘች መሰላት።»

«ክዳኑ ተነሥቶ ይታይ ነው የምለው፣ እማማ። ሌላ ምንም አላልኩም።»

«ያቺኛዋንም እንዲህ ነበር የጀመራት። ዓይኗ ከጎተራው ላይ አልነቀል አለ፤ ከዚያ እጇ ተከተለ።»

«እኔ እጄን አላስገባሁም። ይከፈት።»

አማቷ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ግቢው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ አጭሯ እሳቸው ናቸው፤ ሲቆሙ ግን ሌላው ሰው ሁሉ ያጠረ ይመስላል። «መልካም። ይከፈታል። እህሌ ደህና ከሆነ ግን ጓዝሽን ይዘሽ በዚሁ ሰውዬ መኪና ትወጫለሽ።» ከበረቱ ወደመጣው ልጃቸው ዞሩ። «ሰምተሃል አንተ?»

ልጅየው ዶማውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ሰምቻለሁ አላለም፤ አይሆንምም አላለም። ምራቲቱን ከእናትየው አፍ ይልቅ የእሱ ዝምታ አሳመማት።

ወደ ቤት ገባች። ጨለማው ውስጥ ለአፍታ ቆማ አሰበች። ጭቃ የትናንትን ፀሐይ ይዞ ሊያድር ይችላል። ጆሮ የፈራውን ይሰማል። አሁን ወጥታ «ይቅር፣ ተሳስቼ ነው» ብትል አማቷ ለአንድ ወር መሳለቂያ ያደርጓታል፤ ከዚያ በላይ ምንም አይመጣም። ጎተራው ግን እየሞቀ ይቀጥላል፤ ዘሩም፣ ጣሪያውም፣ የታመመ ቀን የሚከፈለውም እዚያው እንደታተመ ያልቃል። ሁለት ቀሚሷን፣ ማበጠሪያዋንና እናቷ የሰጠቻትን ብርድ ልብስ በነጠላ ቋጠረች። ሳሙናውን አየችው። ግማሹን ወሰደች፣ ግማሹን ተወች። ቋጠሮዋን አውጥታ ደፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ኧረ እናንተ ሰዎች» አለ አይሞላም ቋጠሮውን አይቶ፤ «ነገሩ ስለ ማሽላ ነው ወይስ ስለ ትዳር?»

አማቷ ምርኩዛቸውን ወደ መሰላሉ ቀሰሩ።

አማቷ የዘንድሮውን መዳፍ ካተሙ በኋላ ጉልበታቸው ስለታመመ ዳግም መሰላል ላይ አልወጡም፤ በእሳቸው ፈንታ የሚወጣ የሚያምኑትም ሰው አልነበረም። ልጃቸው ከኋላ ደግፏቸው፣ በየደረጃው እያረፉና እየተራገሙ ወጡ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ። ሽቦው ተፈታ፤ ልጅየው በሌላ እጁ የሳሩን ክዳን ገፋ። ብርሃን ወደ ውስጥ ወደቀ።

አማቷ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ወጣት ሴት ድምፅ ጠርቶ ወጣ።

«እጄ! ይኸው እጄ! እንዳስቀመጥኩት ነው! ነይ ውጪና እይ፣ ሙሽሪት። ማን ነበር ነቀዝ ያለው?»

ምራቲቱ በተገለበጠው በርሜል ላይ ወጣች። አመዱ ግራጫና ለስላሳ ነው፤ መሃሉ ላይ አምስት ጣት ያለው መዳፍ፣ ጠማማዋ ትንሽ ጣት ሳትቀር፣ ዛሬ ጠዋት የታተመ ይመስል ተቀምጧል። የጎተራውን አፍ ያዘች። ያን ጊዜ ነው ሙቀቱ ፊቷን የመታት፤ እርጥብ፣ የኮመጠጠ ሽታ ያለው የሞቀ ትንፋሽ።

«አንተ፣ ጓዟን መኪናው ላይ ጫንላት» አሉ አማቷ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

«ቆይ፣ እማዬ» አለ ልጅየው።

ፀሐይዋ ከደመና ወጣች፤ ብርሃኑ ቀጥታ አመዱ ላይ አረፈ። በመጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ጠማማዋ ጣት ነበረች። ከእህሉ የወጣው እርጥበት አመዱን እንደ ቅርፊት አጠንክሮት ኖሯል፤ ከሥሩ ግን የሚደግፈው ነገር አልነበረም። የጣቷ ጫፍ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ አንዲት ጥቁር ነቀዝ ወጣች፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሊቆጠሩ የማይችሉ። ትንሿ ጣት ሰመጠች። ቀጥሎ የቀለበት ጣቱ፣ ከዚያ መዳፉ መሃል ለመሃል ተንዶ ወረደ። ማንም እጁን አላስገባም። ሦስቱም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ነበር።

አይሞላም ከምራቲቱ ጎን ወጥቶ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባ። ያወጣውን ጭብጥ ማሽላ እፍ ሲለው ግማሹ ከነፋሱ ጋር ሄደ። የቀረውን በጣቱ ሲያሸው ዱቄት ሆነ። ሁሉም ያችን «አይሞላም» የምትል ቃሉን ጠበቁ። አላላትም።

«የላዩ ለከብት ካልሆነ አይሆንም» አለ በቀስታ። «ወደ ታች ያለው ገና ይመስለኛል። ዛሬ ከወጣና ከተነፋ በእህል ዋጋ እወስደዋለሁ። ነገ ግን በነፃም አልወስደው።»

«መሰላሉን አነቃንቃችሁት ነው» አሉ አማቷ። «አነቃንቃችሁት። የእሷም ዓይን ነው። ካየችው ጀምሮ ነው።»

«እማዬ» አለ ልጅየው። ድምፁ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ድምፅ ነበር። «ተቆልፎ ነበር እኮ።»

«ዝም በል።»

«ቁልፉ ካንቺ ጋር ነበር። ማንም አልነካውም። ያን ጊዜም እትዬ…»

«ዝም በል ብዬሃለሁ!»

ግን ቃሉ አንዴ ወጥቶ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ልጇን አዝላ በዚህ በር የወጣችው ሴት አብራው የቆመች ያህል፣ ማንም ወደ በሩ መመልከት አልደፈረም።

ምራቲቱ ድል ያደረገ ሰው የሚሰማውን ነገር ጠበቀች፤ አልመጣም። ጭንቅላቷ ቀድሞ ማስላት ጀምሯል፤ ዘሩ ይወጣል፤ ማዳበሪያው ምናልባት፤ ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል። መታመምማ ለማንም አይፈቀድም። ከበርሜሉ ወረደች፤ ጤዛው የደረቀላቸውን ከረጢቶች ሰበሰበችና ወንፊቱን አመጣች።

«ሚዛኑን እዛፉ ላይ ስቀለው» አለችው ነጋዴውን። ማንንም አላስፈቀደችም።

ባሏ ከመሰላሉ ሥር ሄደና ደፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ አነሣ። አንድ እግሩ ከውስጥ፣ አንድ እግሩ ከውጭ ሆኖ ቆመ። ወዴት እንደሚወስደው አላወቀም፤ ሚስቱን አያት፤ እሷ ግን የከረጢቱን አፍ እየገለበጠች ስለነበር አልነገረችውም።

አማቷ ከመሰላሉ አልወረዱም። ጎንበስ ብለው፣ በደረቁ ጫፎች የቀረውን አመድ በጣቶቻቸው ሰብስበው ጉድጓዱን ደፈኑት፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ደጋግመው አለሰለሱት። ነፍሳቱ በክንዳቸው ላይ ሽቅብ ይወጡ ነበር፤ አላራገፏቸውም። ከዚያ ቀኝ መዳፋቸውን አስቀመጡ፤ ጫን አሉት፤ ቀስ ብለው አነሡት።

መዳፉ አምስት ጣቱ ሳይጎድል ታተመ። አማቷ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠማማዋን ጣት ተመለከቱ።