ሳጥኗ አልገናኝ ያለችበት ቅዳሜ

3. መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ። አሥር ሰከንድ ይጠብቁ። መልሰው ይሰኩ።

ነቀልኩ። ጠበቅኩ። ሰካሁ።

ምንም።

(1 እና 2 የት ሄዱ እንዳትለኝ። አንዱ አጥፉ ይላል፣ አንዱ አብሩ ይላል። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሞክሬያቸዋለሁ። ለዚህም መመሪያ ጻፍኩ ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሰው አለ!)

4. ተጠቃሚው ማን ነው?

ምንትዋብ እባላለሁ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ደም ግፊት አለብኝ፤ አፌም አያርፍም። ታሪኩን በመመሪያው ቁጥር የምጽፈው ሌላ አጻጻፍ አልሆንልህ ስላለኝ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ካልተመቸህ ተወው።

ሳጥኗ መዳፍ የማታክል ጥቁር ነገር ናት። ከቴሌቪዥኑ ጋር በኬብል ትያያዛለች፣ በዋይፋይ ከኢንተርኔት ትገናኛለች፣ የፈለግነውን ታሳየናለች። ማለቴ፣ ታሳየን ነበር። በዚያ ቅዳሜ ግን አንዲት ክብ ነገር ስትዞር፣ ስትዞር ትቆይና «መገናኘት አልተቻለም» ትለኛለች። የት አባቷ!

እኔ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማየው ነገር አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ይልቃል ጅማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ጨዋታ በመሐል ዳኝነት ሊያጫውት ነው፤ ጨዋታው የሚተላለፈው በኢንተርኔት ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መስመር ዳር ባንዲራ ይዞ ሲሮጥ ኖሮ ዛሬ ፊሽካው የእሱ ነው። ሐሙስ ዕለት ደውሎ «ለቴሌቪዥኑ ስል ፀጉሬን ተቆረጥኩልሽ፤ ፔናሊቲ ከሰጠሁ እንዳትሳደቢ» አለኝ። «አንተንም የወለደችህንም ነው የማላስቀር» አልኩት። የወለደችው እኔንም ነው። ሳቅን።

5. የዋይፋይ ሞገድ የሚከለክል ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ።

ሞደሙ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉን ገፈፍኩት። የሠርግ ፎቷችንን ከፊቱ አነሳሁ። ብርጭቆዎቹን አነሳሁ። ሞደሙ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ሳጥኗ ትዞራለች።

6. በሌላ መሣሪያ ይሞክሩ።

በየቱ? ስልኬን ባለቤቴ ግዛቸው ጠዋት «ስክሪኑን ላሠራልሽ» ብሎ ወስዶታል። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ቀን ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ተመስገን፣ ባሌ ሰው ሆነ አልኩ!

ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ጥብስ በሰሃን ይዘው መጡ። ሳይጠሩ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ስልክዎን እስቲ አንዴ።»

«ቻርጅ የለውም ልጄ። ይልቅ ነይ።»

7. ትንሽ ቅመሺ።

(ይኼ መመሪያው ላይ የለም።)

«በልቻለሁ።»

«አንድ ጉርሻ ብቻ።»

«ሳጥኗን እያየሁ ነው እኮ!»

«በሞቴ።»

ጎረሥኩ። ደገሙኝ። ሦስተኛውን እምቢ ስል ዓይናቸው ውኃ ሞላ። ኧረ እኚህ ሴትዮ ምን ነካቸው ብዬ ወደ ኬብሌ ተመለስኩ። እሳቸው ኩሽና ገብተው ያልቆሸሸ ዕቃ ማጠብ ጀመሩ።

8. ካልተሳካ ቁጥር 3ን ይድገሙ።

ስድስት ሰዓት ሆኗል። ነቀልኩ።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

አራት።

አምስተኛው ላይ ሳጥኗን በጫማዬ ልላት ፈለግሁ። ስድስት፣ ሰባት። እትዬ ዘርፌ ከኩሽና ድምፃቸው ጠፋ። ስምንት። ዘጠኝ።

አሥር።

ሰካሁ። ዞረች።

9. ድጋፍ ሰጪውን ያነጋግሩ።

የቤት ስልክ አለን። ዓመት ሙሉ ማንም አንስቶት ስለማያውቅ ግዛቸውም ረስቶት ኖሯል። የይልቃልን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፤ ስልኬ ውስጥ ነው ያለው። የኢንተርኔቱን ሰዎች ቁጥር ግን ሞደሙ ጀርባ ላይ ለጥፈውታል። ንግግራችን እንደማስታውሰው ይኼው፦

ሠራተኛዋ፦ ምን ልርዳዎት?

እኔ፦ ሳጥኔ አልገናኝ አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜን ማየት አለብኝ። ሁለት ሰዓት ነው የቀረኝ፤ ይንቀሉ ይሰኩ ብትዪኝ እጮሃለሁ።

ሠራተኛዋ፦ እሺ፣ አልልም። አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ... መስመሩ ሰላም ነው።

እኔ፦ እና ምን ሆነች?

ሠራተኛዋ፦ የዋይፋዩ ፓስወርድ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተቀይሯል። ሳጥኗ የያዘችው የድሮውን ስለሆነ ነው።

እኔ፦ ማነው የቀየረው?

ሠራተኛዋ፦ ከቤት ውስጥ ነው የተቀየረው፣ እመቤት። ባለቤትዎን ቢጠይቋቸውስ?

10. ጠየቅኩት።

ስምንት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። ግዛቸው ነው። ከኋላው አጎቱ ጋሽ መኩሪያ፣ ከእሳቸው ኋላ የዕድራችን ዳኛ፣ ከዚያ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። እኔ ደሜ ፈልቷል፤ እንግዳ ምን ይለኛል አላልኩም።

«ፓስወርዱን ስጠኝ!»

አጎቱን አስቀድሞ አስገባቸው።

«ግዛቸው! ስልኬን ወሰድክ፣ ፓስወርድ ቀየርክ፣ ምን አድርጌህ ነው? ጨዋታው ሊጀምር ነው እኮ!»

ጋሽ መኩሪያ ቀስ ብለው ወደ እትዬ ዘርፌ ዞሩ።

«በልታለች?»

11.

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ቁጥር 7 ላይ ነቅተህ ይሆናል። መርዶ የሚነገረው ሰው ከበላ በኋላ ነው፤ ከሰማ እህል አይወርድለትማ። እኔ ራሴ ስንቱን አጉርሻለሁ፣ የስንቱን ስልክ ደብቄያለሁ። በደረሰብኝ ቀን ግን አላወቅኩትም። ጥብሱ ጨው አንሶታል ብዬ ነበር የማስበው።

12.

ይልቃል ዓርብ ማታ ልምምድ ላይ ሲሮጥ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ጨዋታውም የዚያኑ ማታ ተራዝሟል። ሳጥኗ ብትገናኝም የምታሳየኝ ነገር አልነበረም።

13. ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ቀብሩ መቼ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቁጭ በይ።

ጥያቄ፦ ቀብሩ መቼ ነው አልኳችሁ!

መልስ፦ ስድስት ሰዓት ላይ ተፈጸመ፣ ልጄ።

14.

ስድስት።

15. «ለአንቺ ብለን ነው።»

ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ግፊት አለብሽ፣ መንገድ ላይ ብትወድቂስ፣ ድንጋጤው ቢገድልሽስ። ግፊቴማ ከጠዋት ጀምሮ ከፕላስቲክ ጋር ስጨቃጨቅ ጣራ ነክቷል! ያኔ ማን አዘነልኝ? እኔ ሰው ነኝ። ወንድሜ ሞተ ቢሉኝ አለቅሳለሁ፣ እወድቃለሁ፣ ደግፈው ያነሱኛል፤ ተነስቼ እሄድና አፈር አለብሰዋለሁ። እሱን ያሳደግኩት በጀርባዬ አዝዬ ነው። ማን ነው እናንተን በእኔ ለቅሶ ላይ የሾማችሁ?

እትዬ ዘርፌን ይቅር ብያቸዋለሁ። በሠልስቱ አጠገቤ ቁጭ ብለው የደበቁኝን ሁሉ ነገሩኝ። ጅማ ያለው ዘመድ አስከሬኑን መቃብር አፋፍ ላይ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ጠብቆኝ ነበር አሉ። ከዚያ ለግዛቸው ደወሉለት። አነጋገራቸው። ስልኩን ሲዘጋ አስከሬኑን አወረዱት።

ምን እንዳላቸው እትዬ ዘርፌም አልሰሙም።

16. ይህን ክፍል ባለቤቴ ይሙላው።

ግዛቸው፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። እኔ ጅማ ነኝ፤ መቃብሩ ጋ። ሳትሞላው እንዳትደውልልኝ፣ ሽማግሌም እንዳትልክብኝ። በራስህ እጅ ጻፈው።

ሀ. መሞቱን የሰማህበት ሰዓት፦ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል። (እኔ ሞልቼልሃለሁ።)

ለ. ወደ ጅማ የሚሄደው አውሮፕላን የተነሳበት ሰዓት፦ ሦስት ከሩብ። (ይህንንም።)

ሐ. ደውለው «እህቱስ? እንጠብቃት ወይ?» ሲሉህ የሰጠኸው መልስ፦



____________________